የሃይኪንግ ዱላን ርዝመት ለቁመትና ለመንገድ ማስተካከል፦ ከሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ የተገኘ ተሞክሮ

ወደ ሰሜን ተራሮች ለመጓዝ የሚዘጋጁ ወዳጆቼ ስለ ጫማ፣ ስለ ዝናብ ልብስና ስለ መኝታ ከረጢት አጥብቀው ይጠይቁኛል፤ ስለሚይዙት የሃይኪንግ ዱላ ርዝመት የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም። ዱላው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ያመጣው ወይም ከጓደኛ የተዋሱት በመሆኑ፣ እጃቸው ሲገባ በነበረበት ልክ ተራራ ይወጣበታል፣ በዚያው ልክ ይወረድበታል። እኔ ጉልበቴን የቆየ ሕመም ስለሚሰማኝ ለዚህ ጉዳይ ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አልፎ እስከ ራስ ደጀን በሚዘልቀው መንገድ ላይ የዱላዬን ርዝመት እየለዋወጥሁ በጉልበቴ፣ በትከሻዬና በእጄ አንጓ ላይ የሚፈጠረውን ልዩነት ስከታተል ቆይቻለሁ። ከዚህ የተረዳሁት ዋና ነገር አንድ ሰው ለሁሉም መንገድ የሚሆን አንድ የዱላ ርዝመት ሊኖረው እንደማይችል ነው፤ የሚኖረው አንድ መነሻ ልክ ሲሆን፣ ዳገትና ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ከዚያ መነሻ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል ወይም ይጨመራል።

መነሻ ልኩን የሚወስነው ክርን ነው። በተስተካከለና ጠንካራ በሆነ መሬት ላይ፣ ለጉዞው የሚያደርጉትን ጫማ ተጫምተውና የሚሸከሙትን ቦርሳ አዝለው ቀጥ ብለው ይቁሙ። የላይኛው ክንድዎ ከጎንዎ ጋር ተጠግቶ ዘና ብሎ ይውረድ፤ የዱላው ጫፍ ከእግርዎ አጠገብ መሬት ይንካ፤ እጅዎም እጀታውን ሳያጨናንቅ ይያዘው። በዚህ አቋቋም ክርንዎ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ከክርን እስከ አንጓ ያለው ክንድዎ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ከሆነ መነሻ ልክዎን አግኝተዋል ማለት ነው። አንጓዎ ከክርንዎ ከፍ ካለ ዱላው ረዝሟል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ አጥሯል። ብዙ ሰው ይህን ልኬት ቤት ውስጥ በነጠላ ጫማ ሆኖ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ወፍራም ሶል ያለው የተራራ ጫማ ቁመትን ከፍ ያደርጋል፣ የከበደ ቦርሳም ትከሻን ስለሚጎትት የክንዱን አወራረድ ይለውጠዋል። ከተቻለ ሌላ ሰው በጎን በኩል ቆሞ ቢያይልዎ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የራሱን ክርን ለማየት አንገቱን የሚደፋ ሰው ሳያውቀው ትከሻውን ያጎብጣል፣ ልኬቱም በዚያው ይዛባል።

ዱላ ከመግዛትዎ በፊት ግምት ከፈለጉ ቁመትዎን በ0.68 ማባዛት የተለመደ ዘዴ ነው። በዚህ ስሌት ቁመቱ 1.60 ሜትር የሆነ ሰው ወደ 109 ሴንቲ ሜትር፣ 1.85 ሜትር የሆነ ሰው ደግሞ ወደ 126 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። እኔ 1.72 ሜትር በመሆኔ ስሌቱ 117 ይሰጠኛል፤ ክርኔ የሚረጋው ግን 115 ላይ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች የክንዳቸውም ሆነ የእግራቸው ርዝመት እኩል ላይሆን ስለሚችል ልዩነቱ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ስሌቱን የምጠቀመው የምገዛው ዱላ እኔ ወደምፈልገው ልክ የሚደርስ መሆኑን ለማወቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምሰማው ክርኔን ነው። በግዢ ጊዜ ከመነሻ ልክዎ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይም ወደ ታችም የሚበቃ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በተለይ ቁመታቸው ረዘም ያለ ሰዎች፣ ዱላው በቁልቁለት ጊዜ ተጨማሪ ርዝመት የሚተርፈው መሆኑን ሳያዩ መግዛት የለባቸውም።

ክርን በ90 ዲግሪ እንዲታጠፍ የሚፈለግበት ምክንያት ዱላው ከሚሠራው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ አገር ምርኩዝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚደገፉትን ነገር ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ላይ የሚያዘው መቋሚያ ረዘም ብሎ የሚሠራው፣ ሰው ለረጅም ሰዓት ሲቆም ክብደቱን እንዲያሳርፍበት ነው። የሃይኪንግ ዱላ ግን በእርምጃ መካከል ወደ ኋላና ወደ ታች የሚገፉበት ነው። ቀኝ እግር ሲራመድ የግራ ዱላ፣ ግራ እግር ሲራመድ የቀኝ ዱላ ይተከላል፤ ጫፉ ከእጀታው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ሲያርፍ ክንድ ሰውነትን ወደፊት ይገፋል። ዱላው ከረዘመ ክንዱን ባነሱ ቁጥር ትከሻ አብሮ ይነሳል፤ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ያለ ጥቅም ሲሠሩ ይውሉና ማታ ድንኳን ውስጥ ሲገቡ ሕመሙ ይሰማል። ዱላው ካጠረ ደግሞ ሰውየው ወደፊት ይጎብጣል፣ ደረቱ ይታጠፋል፤ አየሩ በሳሳበት ከ3,500 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ደግሞ ትንፋሽን የሚያጠብ አቋቋም ከሁሉ በላይ ሊወገድ የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ዱላው አሠራር ልግባ፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኛዎቹ ርዝመታቸው የሚስተካከል ዱላዎች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ሦስት ቱቦዎችና ሁለት መቆለፊያዎች አሏቸው። በቱቦዎቹ ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፉ ቁጥሮችና ከዚያ በላይ እንዳይጎተት የሚያስጠነቅቅ የማቆሚያ ምልክት ይገኛሉ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ የላይኛውን መቆለፊያ ከፍቼ መካከለኛውን ቱቦ ሊለካበት ከሚችለው ርዝመት እኩሌታ ላይ አቆመዋለሁ፤ ቀጥሎ የታችኛውን ቱቦ እየሳብሁ ክርኔ 90 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ አስተካክልና እቆልፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ የታችኛውን መቆለፊያ ጉዞው እስኪያበቃ አልነካውም። በመንገድ ላይ የሚደረገው ማሳጠርና ማስረዘም ሁሉ በላይኛው መቆለፊያ ብቻ ይከናወናል፤ መካከለኛው ቱቦ እኩሌታው ላይ የቆመው በሁለቱም በኩል ትርፍ እንዲኖረው ነውና። የላይኛው መቆለፊያ ለእጅ ስለሚቀርብ ለማስተካከል ጎንበስ ማለት አያስፈልግም፤ በጭቃ መንገድም ቆሻሻ የሚነካው ከታችኛው ያነሰ ነው።

የማቆሚያው ምልክት እንዲሁ ለማስመሰል የተጻፈ እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ በበቂ ርዝመት ካልገባ፣ ሰው ክብደቱን ሲጥልበት መገጣጠሚያው ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። የአሉሚኒየም ዱላ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይጎብጣል፤ የካርቦን ዱላ ግን ሳይጎብጥ በድንገት ሊሰበር ይችላል። ስለሆነም ለመነሻ ልክዎ ብቻ ምልክቱ ድረስ የሚያስስብዎ ዱላ ለእርስዎ አጭር ነው፤ ለሌላ ሰው ይሁን።

መቆለፊያዎቹ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቱቦውን በማሽከርከር ውስጡ ያለው ፕላስቲክ እየሰፋ የሚይዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከውጭ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በማጠፍ የሚጠብቅ ነው። ለሰሜን ተራሮች እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ በማለዳ ብርድ ጓንት ሳይወልቅ ይከፈታል፣ መጥበቁም በዓይን ይታያል። ማንሻው እየላላ ከሄደ በጎኑ ያለችውን ብሎን በጥቂቱ ማጥበቅ ይበቃል፤ ለዚህም የሚሆን ትንሽ ካቻቪቴ ወይም ሳንቲም ኪስ ውስጥ መያዝ ይጠቅማል። በሁለቱም ዓይነት ግን ዱላውን ካስተካከሉ በኋላ፣ ገደል አጠገብ ከመድረስዎ በፊት፣ ጫፉን መሬት ላይ ተክለው ክብደትዎን ቀስ በቀስ ይጣሉበት። ሸርተት ካለ አልተቆለፈም። ይህ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፤ እኔ በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ አደርገዋለሁ፣ አብረውኝ የሚጓዙትንም እንዲያደርጉ እለምናለሁ።

የዱላን ርዝመት ለመፈተን ከጨነቅ ሰፈር ወደ ቧሂት ከሚወስደው ዳገት የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን መንገዱ የሚያልፍበት የቧሂት ጫፍ ስር ያለው መሻገሪያ ወደ 4,200 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ዳገት ላይ ከፊት ያለው መሬት ከቆሙበት ከፍ ስለሚል፣ በሜዳ ልክ የሆነ ዱላ ወደፊት ሲተከል እጅን እስከ ደረት ያነሣል። ስለዚህ ከመነሻው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ያስፈልጋል፤ እኔ በመካከለኛ ዳገት 110፣ ቀጥ ባለው ደግሞ 105 ላይ አደርገዋለሁ። ልኩ መገኘቱን የማውቀው ክንዴ ከትከሻዬ በታች ሆኖ ወደ ታች ሲገፋና ትከሻዬ ሳይነሣ ሲቀር ነው። ጫፉንም ከእግሬ ፊት አርቄ ከመትከል ይልቅ ከእግሬ ጎን ወይም ጥቂት ወደ ኋላ አድርጌ እተክለዋለሁ፤ አርቆ የተከለ ሰው ራሱን እየጎተተ ይወጣልና ክንዱ ቶሎ ይዝላል።

በዚሁ ዳገት ላይ ዕቃችንን በበቅሎ ይዘውልን የነበሩ አንድ አዛውንት ባለበቅሎ ዱላቸውን በሜዳው ከአናቱ አጠገብ፣ በዳገቱ ግን ዝቅ አድርገው ከወገቡ አካባቢ ሲይዙት አይቼ፣ «አባባ፣ ለምን ዝቅ አድርገው ያዙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዳገቱ ነዋ እንዲህ የሚያሲዘኝ! ከላይ ብይዘውማ ትከሻዬን ያወልቀኝ ነበር» አሉኝ። እሳቸው መቆለፊያ በሌለው አንድ ወጥ ዱላ ላይ እጃቸውን በማንቀሳቀስ የሚያደርጉት፣ እኛ በመቆለፊያ ከምናደርገው ጋር አንድ ነው። ከዚያም በላይ የእሳቸው ዘዴ ለእኛም ይሠራል፤ ብዙ ዱላዎች ከዋናው እጀታ በታች በስፖንጅ የተሸፈነ ተጨማሪ መያዣ ያላቸው ለዚሁ ነው። መንገዱ ለአጭር ርቀት ብቻ ሽቅብ ካለ ቆሞ መቆለፊያ መክፈት አያስፈልግም፤ እጅን ወደ ታችኛው መያዣ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። መቆለፊያውን የምከፍተው ከፊቴ ያለው ዳገት ወይም ቁልቁለት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚወስድ ሳውቅ ነው፤ ለዚህም መንገዱን የሚያውቀውን አስጎብኚ ወይም ስካውት (የፓርኩን ታጣቂ አጃቢ) አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በየጉብታው ርዝመት የሚለዋውጥ ሰው የጉዞውን ምት ያጣል፣ ጓደኞቹንም ያስጠብቃል።

ቁልቁለቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ዱላ ርዝመት ይህን ያህል እንዳስብ ያደረገኝም እሱ ነው። ከቧሂት መሻገሪያ ተነስቶ ወደ አምቢቆ የሚወስደው መንገድ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እስካለው መሸሃ ወንዝ ድረስ ይወርዳል፤ ከ1,300 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት በአንድ ቀን ማለት ነው። በቁልቁለት እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትንና የቦርሳን ክብደት በታጠፈ ጉልበት ላይ ያሳርፋል፤ ወደ ታች የሚወርደውን ክብደት የሚያቆመው የፊት ጭን ጡንቻ ሲዝል ጉልበት ብቻውን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ኦስትሪያ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች በ25 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ሁለት ዱላ ይዘው ሲወርዱ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ12 እስከ 25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ዱላው እግር ከማረፉ በፊት ወይም አብሮ መሬት ከነካ ነው። ለሜዳ የተለካ ዱላ ቁልቁል ሲተከል ወደ ታች አይደርስም፤ ባለቤቱ እንዲደርስለት ሲል ከወገቡ ይጎብጣል፣ ክብደቱም ሁሉ ወደፊት ያዘነብላል። በልል ጠጠር ላይ እንዲህ ያዘነበለ ሰው ከተንሸራተተ በግንባሩ ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ በቁልቁለት ከመነሻው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስረዝማለሁ፤ ለእኔ 120 በቀላሉ ቁልቁለት፣ 125 ደግሞ ከቧሂት ማዶ ባለው ዓይነት ላይ ነው። ልኩን የማረጋግጠው አንድ እርምጃ ወደ ታች ባለው ቦታ ላይ ዱላዎቹን ተክዬ ቀጥ ብዬ በመቆም ነው፤ ክርኔ አሁንም ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ ከሆነና ወገቤ ካልታጠፈ ትክክል ነው። ከዚህ በላይ ማስረዘምን አልመክርም። በጣም የረዘመ ዱላ እጅን ወደ ላይ ገፍቶ ሰውነትን ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ወደ ኋላ ያጋደለ ሰው ደግሞ ክብደቱ ከእግሩ ላይ ስለሚለቅ ጫማው መሬቱን አይቆነጥጥም። አወራረዱም ርዝመቱን ያህል ወሳኝ ነው፦ ሁለቱንም ዱላዎች ከፊት ተክሎ፣ ጉልበትን ለስለስ አድርጎ፣ አጠር አጠር ያለ እርምጃ መራመድ። ትልቅ ድንጋይ እንደ ደረጃ በሚወረድበት ቦታ ላይ ሁለቱንም ከታች ከተከልሁ በኋላ ብቻ እግሬን አወርዳለሁ። መሸሃን ተሻግሮ ወደ አምቢቆ ዳገቱ እንደገና ስለሚጀምር፣ ወንዙ ዳር ውኃ ለመጠጣት ስንቀመጥ ዱላዬን መልሼ አሳጥራለሁ። ዕረፍትንና ማስተካከልን አንድ ላይ ማድረግ ሁለቱንም ከመርሳት ያድናል።

ተዳፋትን በጎን ሲያቋርጡ ሁለቱ ዱላዎች እኩል መሆናቸው አይጠቅምም። የዳገቱ ወገን ማጠር፣ የቁልቁለቱ ወገን መርዘም አለበት። መንገዱ ግን አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር እኔ በአብዛኛው መቆለፊያ ከመንካት ይልቅ የዳገቱን ዱላ ዝቅ አድርጌ መያዝ ይበቃኛል። ወደ 3,926 ሜትር ከፍ በሚለው በእሜት ጎጎ ዳርቻ ግን ስለ ርዝመት ማሰብ አቆማለሁ፤ ገደሉ በአንድ ወገን በተከፈተበት ቦታ ዱላን በገደሉ ወገን መትከል አደገኛ ነው፤ አፈሩ ሊናድ ይችላልና። እዚያ ሁለቱንም ዱላ በአንድ እጅ ይዞ በዝግታ መሄድ ይሻላል።

የእጅ ማሰሪያው ከርዝመቱ ጋር አብሮ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ማሰሪያው የላላበት ዱላ በትክክል ቢለካም እንኳ እጅን ዝቅ ስለሚያደርገው ያጠረ ያህል ይሆናል። እጅን ከታች ወደ ላይ በማሰሪያው ቀለበት ውስጥ አስገብቶ፣ ማሰሪያውን ከእጀታው ጋር ደርቦ መያዝ ነው። በዚህ አያያዝ ክብደቱ የሚያርፈው በአንጓ ዙሪያ ባለው ማሰሪያ ላይ ስለሆነ ጣቶች ዘና ብለው ይቆያሉ። ማሰሪያው ልክ የሚሆነው ጣቶቹ ሲላሉ እጅ ከእጀታው ላይ ሳይንሸራተት ሲቀር ነው። ጓንት የሚያደርጉ ከሆነ ከነጓንትዎ ይለኩት። ሆኖም ጫፉ በድንጋይ መካከል ሊቀረቀር በሚችልበት ስፍራ፣ ወንዝ ሲሻገሩም ጭምር፣ እጅን ከማሰሪያው ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሲወድቁ ያልለቀቀ ዱላ አንጓን ሊሰብር ይችላል።

የጫፉ ነገር በአጭሩ፦ የጎማው ቆብ ለአስፋልትና ለከተማ መንገድ ነው፤ በአፈር፣ በጭቃና በሣር ላይ ጠንካራው የብረት ጫፍ ይሻላል። ቆቡ ሲወልቅ ዱላው በጥቂቱ ስለሚያጥር፣ የሚለካው በሚሄዱበት ሁኔታ ሆኖ ነው። በዝናብ ማግስት ጫፉ በሚሰምጥበት መሬት ላይ ደግሞ፣ እንደ ትንሽ ሰሃን ያለውን ክብ ፕላስቲክ መግጠም ስምጠቱን ይቀንሰዋል፤ አለበለዚያ የለኩት ርዝመት በየእርምጃው እየተለዋወጠ ያስቸግራል።

ሦስቱን ልኮች፣ የሜዳውን፣ የዳገቱንና የቁልቁለቱን፣ በቱቦው ላይ በማይጠፋ ማርከር መስመር አድርጎ ማስመር ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ በጉም ውስጥ ወይም በማለዳ ጨለማ ወደ ራስ ደጀን ሲነሱ ትንንሾቹን ቁጥሮች ማንበብ ያስቸግራልና። ለዚህ ሥራ ናስትሮ መጠቅለል አይሆንም፤ ውፍረቱ ቱቦው እንዳይገባ ይከለክለዋል። ማታ ዱላው እርጥብ ከሆነ ሦስቱን ቱቦዎች ለያይቶ ማድረቅ፣ በምንም ዓይነት ዘይት አለመቀባት ነው፤ ዘይት የገባበት መቆለፊያ ቱቦውን አይይዝም።

ሁለት ሰዎች አንድ ጥንድ ዱላ ተካፍለው የሚጓዙበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን ዱላው ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ልክ ላይ እንዲቆም ማድረግ ሁለቱንም ይጎዳል፤ እያንዳንዱ የራሱን ዱላ በራሱ ክርን ለክቶ ይያዝ። በአንድ ዱላ የሚሄድ ሰው የሰውነቱ አንድ ወገን ብቻ እንዳይደክም በየተወሰነ ጊዜ እጅ ይቀያይር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ደግሞ ረጅሙ ቁልቁለት ሲጀመር ሁለቱም ዱላዎች ለእሱ ተሰጥተው፣ በእሱ ልክ ተስተካክለው፣ ሌላው ባዶ እጁን ቢወርድ ይሻላል፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ መልሰው ይካፈሉት።